አረፍ ስትል የምትነሳው ፒክአፕ

ግራዝማችን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ስለ ሟች ሲያወራ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይላል፤ እኔን ግን ያድርገኝ። ስማቸውን አልጠራም። ልጆቻቸው ዛሬም ሶዶ ውስጥ አሉ፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ አባታቸው ያደረጉትን እነሱ አላደረጉም። አንቱ እያልኩ የምጽፈውም አክብሬያቸው ሳይሆን አፌ ስለለመደ ነው። ደግሞም ነውሩ የሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ዓመት አያንገበግበኝም ነበር።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ዲምቱ አጠገብ የግራዝማች ጭሰኛ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ፣ ጭነት መኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ስሠራ መንዳት ለመድኩና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ግራዝማች ያቺን አረንጓዴ ፒክአፕ ሲገዙ "የጭሰኛዬ ልጅ መንዳት ይችላል አሉ" ብለው አስጠሩኝ። ያኔ ሶዶ ውስጥ የነበረው መኪና ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው፤ በናፍጣ የምትሄድ ፒክአፕ ደግሞ የሳቸው ብቻ ነበረች። ጠዋት የሞተር ማሞቂያዋን ይዤ እስከ ሃያ ቆጥሬ ሞተሪኖውን፣ ማስነሻውን፣ ስሰጣት ድምጿ እስከ ገበያው ይሰማል። በእውነቱ ጉረኛ ነበርኩ። ሹራቤን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ አንድ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ስነዳ የዳሞታ ተራራ ራሱ ዞር ብሎ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ክዳን ነው። የዚያች ፒክአፕ ሳልባትዮ፣ የናፍጣ ጋኗ ማለቴ ነው፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነበር፤ የወንበሩ ትራስ ካልተነሳ አፉ አይታይም። አንድ ቀን ዲምቱ እርሻው ላይ ከበርሜል ናፍጣ ስሞላ ክዳኑን ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጥኩት፣ እዚያው ረስቼው ነዳሁ፣ ሶዶ ስደርስ የለም። በማግስቱ መንገዱን ሁሉ ዓይኔን እያፈጠጥኩ ፈለግኩት፤ ወፍ የለም። ለግራዝማች ልንገራቸው? የፈረሳቸው ጠባቂ አንድ ልጓም ቢጠፋበት ሰው ፊት በጥፊ መትተው ያባረሩ ሰው ናቸው።

ዝም አልኩ። ዝም ብዬም የራሴን ውታፍ ሠራሁ። እኛ ወላይታዎች እንሰት ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ማቆየት እናውቅበታለን። እናቴ ጉድጓዱን በኮባ ቅጠል ደራርባ ስትከድነው በመርፌ ቀዳዳ እንኳ አየር አይገባም፤ አየር ከገባው ይበላሻላ። እኔም በእሷው ጥበብ እንጨት በአፉ ልክ ጠረብኩ፣ በደረቅ ኮባ ሸፈንኩት፣ በቃጫ አጥብቄ ጠመጠምኩት፣ ከላዩ ሰም ቀባሁት። በመዳፌ መትቼ ሳስገባው ግጥም አለ። አንዲት ጠብታ አያፈስ፣ አቧራ አያስገባ። ከፋብሪካው ክዳን ይሻላል ብዬ ትራሱን መለስኩበት።

ፒክአፕዋ መንገድ ላይ መቆም የጀመረችው ከዚያው ሳምንት ነው። ከሶዶ ወደ ዲምቱ ስንነሳ እሳት ናት። የመንገዱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ትርገፈገፋለች፣ ቀጥ ትላለች። ሞተሪኖውን ብሰጣት ትዞራለች እንጂ አትነሳም። ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ስመለስ ምንም እንዳልነበረባት ሆና ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ትቆማለች።

"አረፍ ስትል ትነሳለች" ብዬ ለግራዝማች ብነግራቸው "በቅሎ ናት እንዴ የምታርፈው?" አሉኝ።

ያኔ ሶዶ ውስጥ የናፍጣ ሞተር ጠባይ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ጋሽ ሀብቴ ነበር። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ አዲስ አበባ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሙያ የተማረ ሰው ነው። ከባለቤቱ ከእትዬ ብርቄ ጋር ገበያው ዳር ይኖራል፤ ከቤቱ ጎን የቆርቆሮ ጋራዥ አለው። ቁጥብ ሰው ነው። መኪና ሲመጣለት ቶሎ መፍቻ አያነሳም፤ መጀመሪያ ሾፌሩን ይጠይቃል። "መኪና አፍ የላትም፣ የሚናገርላት ሾፌሯ ነው" ይል ነበር። ግራዝማች ፒክአፕዋን አስይዘውኝ ሲመጡም እንደዚሁ ጠየቀኝ።

"ልትቆም ስትል ታጨሳለች?"

"አታጨስም።"

"እንግዲያው ናፍጣ እያጠራት ነው። ድንገት ነው የምትቆመው ወይስ እየደከመች?"

"እየደከመች።"

"ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ?"

"የትም ነው ጋሽ ሀብቴ።"

"የጋኗ ክዳንስ? ያው የራሷ ነው ያለው?"

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ጆሯቸው ደግሞ እንደ ቀበሮ ነው።

"አዎ፣ የራሷ ነው" አልኩ።

ጋሽ ሀብቴ ራሱን ነቀነቀና ከዚያ ወዲያ ስለ ክዳን አላነሳም። የምትናገርበትን አፍ እኔ ዘጋሁባት።

ቀኑን ሙሉ ለፋ። ፊልትሮውን አውጥቶ አጠበ። ከጋኑ የሚመጣውን ቱቦ ፈትቶ በአፉ ነፋበት፤ ንጹሕ ነው። የአየር ማስወጫዋን ቡሎን አላልቶ፣ በእጅ ፖምፓው እየገፋ፣ አረፋው እስኪጠፋ አየር አስወጣ። ሲያስነሳት ወዲያው ተነሳች፤ ጋራዡ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርታም አልቆመችም።

"ይሄ ነገር አላማረኝም" አለ። "እኔ ጋ ስትሆን ደህና ናት።"

ለማንኛውም ብሎ ትልቁን ፖምፓ፣ ናፍጣውን ለሞተሩ እየለካ የሚያከፋፍለውን፣ ፈትቶ አወጣው። ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ አገላብጦ አየው፤ ምንም አላገኘበትም። መልሶ ሲገጥመው በሁለት እጄ ደግፌ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ እስኪያጠብቅ ድረስ ክንዴ ዝሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ጭነት መኪና አሮጌ ፖምፓም ተቀምጦ ነበር። ግራዝማች በመሃል ብቅ ብለው ሁለቱን ፖምፓዎች አይተው ተመልሰዋል።

በሦስተኛው ቀን ግራዝማች ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ እንግዳ እርሻቸውን ሊያስጎበኙ አሳፍረው ተነሳን። ፒክአፕዋ ከተለመደው ቦታ እንኳ ሳትደርስ ቆመች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እንግዳው ነጭ ሱፍ ለብሰዋል፤ ከብት ነጂውም እንጨት ተሸካሚውም ከቦ ያየናል። እኔ ሞተሩ ውስጥ ጭንቅላቴን ቀብሬ የማደርገው ሲጠፋኝ፣ እንግዳው ሰዓታቸውን አይተው "ግራዝማች፣ መኪናዎ የምሳ ሰዓቷን የምታከብር ናት" አሉና ሳቁ። ጋሽ ሀብቴን ያሳሰረችው ያቺ ሳቅ ናት።

ግራዝማች ሶዶ ሲመለሱ "ያ ባለ እጅ ደህናውን ፖምፓዬን ወስዶ አሮጌ ገጠመልኝ" ብለው ከሰሱ። በዚያው ሳምንት ያ አሮጌ ፖምፓው ጠረጴዛው ላይ የነበረው፣ ለወራት የቆመው ጭነት መኪና ከጋሽ ሀብቴ ጋራዥ ተነስቶ ሲሄድ ከተማው ሁሉ አይቷል። ጋሽ ሀብቴ ሙያውን ስላወቀ የተነሳው መኪና የሌብነቱ ማስረጃ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶች መጥተው ጋሽ ሀብቴን ወሰዱት፤ ጋራዡም ተዘጋ።

ከቀትር በፊት እኔም ተጠራሁ። ጣቢያው ውስጥ ሃምሳ አለቃው ወረቀት ዘርግቶ ተቀምጧል። ግራዝማች ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ከሳሽ ሆነው ሳለ ጠያቂውም እሳቸው ነበሩ፤ ሃምሳ አለቃው መጻፍ ብቻ ነው። ይሄን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

"ፖምፓዬን ፈትቶ ሲያወጣ አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ጠረጴዛው ላይ ሌላ ፖምፓ ነበር?"

"ነበር።"

"መልሶ የገጠመው ያንኑ የኔን መሆኑን ታውቃለህ?" አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። "አባትህ ደህና ነው? ዘንድሮ የታችኛው ማሳ አምሮለታል አሉ።"

በቃ ይኸው ነው። አልጮሁም፣ አልዛቱም። የታችኛው ማሳ የሳቸው መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ሃምሳ አለቃውም ያውቃል። ክንዴ እስኪዝል የደገፍኩትን ፖምፓ አላውቀውም?

"እሱን እንኳን አላውቅም" አልኩ።

ተጻፈ። ፈረምኩ። አራት ዓመት ፊደል የቆጠርኩት ለዚያ ፊርማ ነበር ለካ።

በማግስቱ እትዬ ብርቄን ጣቢያው በር ላይ አገኘኋት። ለባሏ ምግብ አድርሳ ባዶ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ትወጣለች። መንገድ ቀይሬ ልሸሽ ስል ጠራችኝ።

"ማርቆስዬ፣ እግዜር ነው ያገናኘን። አንተ ቀኑን ሙሉ አብረኸው ነበርክ። ሌባ አለመሆኑን ታውቃለህ አይደል?"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"እንግዲያው ለጌታህ ንገርልኝ። ሰኞ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው። ከተፈረደበት ማን መኪናውን ያምነዋል? ሶዶን ለቀን መሄዳችን ነው እኮ። የት እንሄዳለን?"

"እነግርልሻለሁ" አልኳት።

መፈረሜን አልሰማችም ነበር። እጄን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግራዝማች በቆሎ እንዳመጣ ብቻዬን ወደ ዲምቱ ላኩኝ። ጋኑን እስከ አፉ ሞልቼ ተነሳሁ። ያን ቀን ብዙም ሳትሄድ ቆመች። መንገዱ ላይ ሰው የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ መንገድ ላይ ትራሱን አንስቼ አላውቅም፤ ውታፌን ሰው ያይብኛል ብዬ ስለምፈራ፣ ጠዋት ጠዋት ጊቢ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ነው ናፍጣ የምሞላው። ያን ቀን ግን የሚያየኝ ስለሌለ፣ ናፍጣው የሚፈስበት ቦታ ይኖር እንደሆን ልይ ብዬ ትራሱን አነሳሁና ውታፉን ያዝኩ።

እምቢ አለኝ። ጠዋት በሁለት ጣት የምነቅለው ውታፍ ተጣብቋል። በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እግሬን አስደግፌ ሳብኩ። ሲወጣ ጋኑ "ፉሽሽሽ" ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ወደ ውጭ አይደለም፣ ወደ ውስጥ። ረጅም ጊዜ ሰምጦ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው ነው የተነፈሰው።

በእጅ ፖምፓው ጥቂት ገፋ ገፋ አድርጌ፣ ማሞቂያዋን ይዤ እስከ ሃያ ቆጥሬ ሞተሪኖውን ሰጠኋት። ተነሳች። አንድ ሰዓት አላረፈችም፤ አምስት ደቂቃም አላረፈችም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጠርሙስ አፍህ ላይ ገጥመህ ብትመጠምጠው ከንፈርህ ላይ ይጣበቃል፣ ውሃውም መውጣቱን ያቆማል። ሞተሯ ናፍጣ በሳበች ቁጥር በምትኩ አየር መግባት ነበረበት። የጠፋው ክዳን ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ ዝገት የበላው መስሎኝ ንቄያት ነበር። እናቴ ለእንሰቱ የምታደርገውን እኔ ለሞተር አደረግኩ፣ ሞያዬም ሞተሯን አነቃት። ስትቆም የምታርፍ መስሎን እንጂ፣ በቃጫው መሃል ትንሽ ትንሽ አየር እየሰረቀች ነበር። ጋሽ ሀብቴ ጋ ደግሞ ቱቦው ሲፈታ ጋኑ በዚያ በኩል ይተነፍሳል፤ ደህና የምትሆነው ለዚህ ነው።

ግን አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ግምት ይዤ መሄድ አልፈለግኩም። ውታፉን መትቼ መለስኩትና ነዳሁ፤ ቆመች። ነቀልኩት፤ ተነሳች። እንደገና ወተፍኩት፤ እንደገና ቆመች። ከዚያ አፉ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጌ ዲምቱ ደረስኩ፣ በቆሎውን ጭኜ ተመለስኩ። ደርሶ መልስ አንዴ እንኳ አላንገራገረችም። መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ። ሶዶ ስቃረብ ግን ጋሽ ሀብቴ ያለበት ክፍል ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

በቀጥታ ግራዝማች ጋ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። የክዳኑን መጥፋት፣ የውታፉን ነገር፣ ፖምፓው ያው የራሳቸው መሆኑን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥፊ ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም። ውታፉን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ይሄን ለማን ነግረሃል?"

"ለማንም።"

"ደግ። ክዳን ከሻሸመኔ አስመጣለሁ። ይሄን እሳት ውስጥ ጣለው።"

"ጋሽ ሀብቴስ?"

"ሀብቴ ምን ሆነ?"

"ይፈታ እንጂ ግራዝማች። አልሰረቀም እኮ።"

"ስማ" አሉኝ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። "ለእንግዳዬ ሌባ ይዣለሁ ብያለሁ። ለትልልቅ ሰዎች ተናግሬያለሁ። አሁን ደግሞ የጭሰኛዬ ልጅ በኮባ ወትፎብኝ ነው ልበል? ጥቂት ቢታሰር አይሞትም። ባለ እጅ አይደል፣ የትም ሄዶ ሠርቶ ይበላል።"

በዕድሜዬ ብዙ ክፋት አይቻለሁ። ሰው ተሳስቶ ሰው ይበድላል፤ ተናድዶም ይበድላል። ይሄ ግን እውነቱን ከሰሙ በኋላ ነው። እውነቱ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቋቸው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ነው። ለአንድ ቀልድ ማካካሻ የአንድ ሰው እንጀራ ይዘጋ አሉ። ውታፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከነበቆሎው አስነስቼ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አቆምኳት።

የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሃምሳ አለቃውን ጠርቼ ነገርኩት።

"ፈርመሃል እኮ" አለኝ።

"ፈርሜያለሁ። ዋሽቻለሁ።"

"ትናንት የዋሸ ሰው ዛሬ እውነት መናገሩን በምን አውቃለሁ?"

"እኔን አትመነኝ። መኪናዋን እያት።"

ጋኑ በሞላ መጠን ውስጡ የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ቶሎ እንደምትቆም መንገድ ላይ ገብቶኝ ስለነበር፣ ከኋላ በነበረው ጀሪካን እስከ አፉ ሞላሁት። ውታፉን ሰው ሁሉ እያየ መትቼ አስገባሁት። ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ ረገጥኩ። ገበያተኛው ከበበን። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ትሠራለች። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ እንደ ሰዓት ትሠራለች። ላብ አጠመቀኝ። አንዱ ከሕዝቡ መሃል "ሰው መኪናው እንዲነሳለት ይጸልያል፣ ይሄ እንድትቆምለት ይጸልያል" ሲል ሳቅ ሆነ። እውነቱን ነው። ስንት ቀን በየመንገዱ አትቁሚብኝ እያልኩ የለመንኳትን መኪና፣ ያን ቀን ቁሚልኝ እያልኩ እለምናት ነበር።

በዚህ መሃል ግራዝማች ሁለት ሰዎች አስከትለው ደረሱ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው።

"መኪናዬን ሰርቆ ነው የመጣው፤ ያዘው" አሉ ሃምሳ አለቃውን።

ሃምሳ አለቃው ወደኔ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሞተሯ ድምጿን ለወጠች። ተርገፈገፈች። ነዳጁን ብረግጠውም እየወረደች ሄዳ ቀጥ አለች። ሃምሳ አለቃው እኔን አስወርዶ ራሱ ገባና ሞተሪኖውን ሰጣት፤ ዞረች እንጂ አልተነሳችም።

"አሁን ውታፉን አንተው ንቀለው" አልኩት።

በአንድ እጁ ሞከረ። በሁለት እጁ ሞከረ። ጎንበስ ብሎ በሙሉ ጉልበቱ ሲስበው "ፉሽሽሽ" የሚለውን ከፊት የቆመው ሁሉ ሰማው። አንዲት ቅቤ ሻጭ በወላይትኛ "ትንፋሽ ከልክሏት ነው እንጂ" አለች፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ሲሄድ ይሰማኛል። ጥቂት በእጅ ፖምፓው ገፋሁላትና አስነሳኋት።

ሃምሳ አለቃው ወደ ግራዝማች ዞረ። "ክሱን ያነሳሉ ግራዝማች?"

"እኔ የተናገርኩትን አልበላም" አሉ።

ይሄን ያሉት መኪናቸው ፊታቸው እየሠራች ነው። ሕዝቡ በሙሉ እያየ ነው። ሃምሳ አለቃው ቀድሞ የሳቸውን ጥያቄ ዝም ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ ደግ ነበር አልልም። ግን ገበያ ሙሉ ሰው ያየውን መደበቅ አልቻለም።

"እንግዲያው ምስክሩ ቃሉን ለውጧል" አለ። "ሀብቴን የማቆይበት ምክንያት የለኝም። ሐሰተኛ ምስክሩን ግን አስቀረዋለሁ።"

እኔ ስገባ ጋሽ ሀብቴ ሲወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። ጢሙ አድጓል። ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት ያጨናብሳል።

"ጋሽ ሀብቴ" አልኩት፣ "ክዳኑ ጠፍቶብኝ ነው። ውታፍ ሠርቼ ነበር፤ ያ ውታፍ ነው ለዚህ ያበቃህ።"

"ውታፍ አላሳሰረኝም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ውታፍ ቢሆን በአንድ ምስማር ቀዳዳ እገላገለው ነበር። አንተ 'አላውቅም' ስትል እኔ ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ። ድምፅህን ሰማሁት።"

ወጥቶ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ብርቄ ምግብ ይዛልኝ መጣች፣ በዚያው ሳህን። ፊቴ አስቀመጠችልኝ፣ እስክበላ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ሳህኗን ይዛ ሄደች። እስክፈታ ድረስ በየቀኑ እንደዚያ ነው። ማርቆስዬ አላለችኝም።

ግራዝማች የታችኛውን ማሳ ከአባቴ ወስደው ለሌላ ጭሰኛ ሰጡት። አባቴ ዋስ ሆኖ ሊያስፈታኝ ሲመጣ ስለ ማሳው ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ስለ ማሳው አንድም ነገር አላነሳም። "መጀመሪያውኑ እውነቱን ለምን አልተናገርክም?" ብቻ አለኝ። ለሱ ብዬ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እንዲህ ያለ ውለታ ከኔ አልጠየቀም።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ምናልባት ግራዝማችን የመሰለ ሰው ፊት ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ሲያስፈራሩ አይጮሁም። ስለ አባታችሁ ጤና ይጠይቃሉ። የምትፈርሙትም ብዙውን ጊዜ ግልጽ ውሸት አይደለም፤ ሁለት እውነትና አንድ "አላውቅም" ነው። እኔ በእሳቸው እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፣ መናደዴንም አልተውም። ነገር ግን እሳቸው ያለኔ ፊርማ ጋሽ ሀብቴን እስር ላይ አያቆዩትም ነበር። ይሄን ለራሴ ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ቶሎ እመኑት።

ከእስር ስወጣ ሾፌርነቴ ቀረ፤ ጌታውን ላዋረደ የጭሰኛ ልጅ መኪና የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ጋሽ ሀብቴ ጋራዥ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ለረጅም ጊዜ ሥራውን ሲሠራ ቆየና "እጅህ ደህና ነው፤ ግባ" አለኝ። ሙያዬን በሙሉ የተማርኩት ከሱ ነው። በዓመቱ ያቺ አረንጓዴ ፒክአፕ ባትሪዋ ሞቶ በሰው ተገፍታ ወደኛ መጣች። ጋሽ ሀብቴ ኮፈኗን ከፍቶ ሲሠራት እኔ ነኝ የተቃጠልኩት።

"እንዴት ለሳቸው ትሠራለህ?" አልኩት።

"መኪናዋ ምን አደረገችኝ?" አለኝ።

ከአንዳንድ ሰው ጋር ዓመታት አብረህ ትሠራለህ፣ ከአንድ ሳህን ትበላለህ፣ የተከፈተ ሞተር ትቶልህ ይሄዳል። እኛም እንደዚያ ሆነን ነበር። እትዬ ብርቄም እያደር ማርቆስዬ ማለት ጀመረች። ይቅር ተባልኩ ብዬ አመንኩ፤ ይቅርም ብለውኛል። ከዚያ አንድ ቀን ጋሽ ሀብቴ ጋራዡ ያለበትን መሬት ከቦታው ባለቤት ገዛ። ውሉን የሚጽፈው ሰው መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋና ሦስት ምስክር ያስፈልጋል አለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቀረበ፤ ዳቦ ጋጋሪውም ቀረበ። እኔ የጎደለው ሰው ማን እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ሀብቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጨው ሻጭ አስጠራ።